የቲቸር መንገድ፦ ከአዳማ እስከ ደሎ መና

ሦስተኛ ክፍል ያስተማሩኝ መምህርት ዛሬ ጡረተኛ ናቸው። ሠፈራችን አዳማ ውስጥ ትንሽ ትልቁ "ቲቸር" ነው የሚላቸው፤ እኔም ከዚያ ሌላ ስም አላውቅላቸውም። ጡረታ ከወጡ ወዲህ "የተወለድኩበትንና የሠራሁበትን አገር አንዴ ዞሬ ባይ" ሲሉ ሰንብተው ነበር። እኔም የዓመት ፈቃዴን ወሰድኩና አብሬያቸው ወጣሁ። ጾምም ረመዳንም ሳይገባ፣ ሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ተጀምሮ ትምህርት ቤቶች ተማሪ ባላቸው ሰሞን እንዲሆን የፈለጉት እርሳቸው ናቸው። ባዶ ክፍል ማየት አይወዱም።

የካቲት 2፦ አሰላ

ከአዳማ አሰላ በሚኒባስ 180 ብር ከፈልን። መልካሳ ላይ አዋሽን ተሻግረን ዴራን ስናልፍ ገና ሙቀት ነበር። ኢተያ ላይ ነፋሱ ተለወጠ። ቲቸር ነጠላቸውን አጣጥፈው ቦርሳ ውስጥ ከተቱና ጋቢ አወጡ። "አገሬ ገባሁ" አሉ። በመንገዱ ግራና ቀኝ የስንዴው አጨዳ አልቆ የጭድ ክምር ብቻ ቀርቷል።

አሰላ የጭላሎ ተራራ ሥር ያለች ከተማ ናት። ተራራው ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ደመና ካልሸፈነው ከየትም ሠፈር ይታያል። ቲቸር የተወለዱት እዚሁ በ1954 ነው። አባታቸው ዘበኛ ነበሩ። በ1960 መግቢያ ላይ በስዊድን መንግሥት እርዳታ የተቋቋመ የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት ነበር። ሰው በአጭሩ "ካዱ" ይለዋል። ለገበሬው ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ፣ የወተት ላምም ያስተዋወቀ ድርጅት ነው። አባታቸው የሚጠብቁት የዚያን መጋዘን ነበር።

ካዱ ለገበሬ ማስተማሪያ ትልልቅ ሥዕሎች ነበሩት፤ ገብስ በመስመር ሲዘራ፣ ላም ስትታለብ፣ ማዳበሪያ ሲበተን። የተቀደዱትንና ያረጁትን አባት ወደ ቤት እያመጡ ግድግዳ ላይ ይለጥፏቸው ነበር። ቲቸር እነሱን እያዩ በከሰል መገልበጥ ጀመሩ። ይህን ሲነግሩኝ ደነገጥኩ። የእኛ ክፍል ግድግዳ በሙሉ በማዳበሪያ ከረጢት ጀርባ ላይ በሳሏቸው ሥዕሎች የተሞላ ነበር። ልብ፣ ሳንባ፣ የውኃ ዑደት፣ የኢትዮጵያ ካርታ። በሥዕል ሳያሳዩን አንድ ቃል አያልፉም ነበር። ምንጩን ግን አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም።

የልጅነት ቤታቸው ቦታ ላይ ፎቅ ቆሟል። ጎረቤታቸው ግን አሉ። አዛውንቷ በሩን ከፍተው ቲቸርን ሲያዩ መጀመሪያ ዝም አሉ፤ ቀጥለው "አንቺ! ሥዕል የምትስለው!" ብለው አንገታቸው ላይ ተጠመጠሙ። ምሳ ሳንበላ መውጣት አልተቻለም። ጭኮ ቀረበ። የተቆላ ገብስ ዱቄት በቅቤ ሲታሽ ምን ያህል እንደሚከብድ የማያውቅ ሰው ሁለተኛ ሳህን አይዘርጋ። አዳማ ሬስቶራንት ውስጥ በባህላዊ ምግብ ስም የሚመጣው ጭኮ ከዚህ ጋር በፍጹም አይገናኝም።

የመምህርነት ታሪካቸው የጀመረውም እዚሁ ጎረቤት ነው። በ1971 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲታወጅ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበሩ። ማታ ማታ በቀበሌ አዳራሽ ጎልማሶችን እንዲያስተምሩ ተመደቡ። ትምህርቱ መጀመሪያ በአምስት ቋንቋዎች ነበር የሚሰጠው፤ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ትግርኛ፣ ወላይትኛና ሶማሊኛ። በኋላ ቋንቋዎቹ አሥራ አምስት ደርሰዋል። ዘመቻው ብዙም ሳይቆይ ከዩኔስኮ ሽልማት አግኝቷል። እርሳቸው ግን ሽልማቱን አያነሱም። የሚያነሱት ፊት ወንበር ላይ ሕፃን እያጠቡ የተቀመጡትን እናታቸውን ነው። "እናቴ ስሟን ጽፋ ወረቀቱን አጥፋ ጡቷ ሥር ስትከተው አየሁ። በቃ፣ ሌላ ሥራ አላሰብኩም።"

ጎረቤታቸውም ከዚያው ክፍል ነበሩ። "ጠመኔ እጄ ላይ ሰብራለች" አሉኝ እየሳቁ።

የካቲት 3፦ በቆጂ

ሳጉሬን አልፎ በቆጂ ለመድረስ ሃምሳ ምናምን ኪሎ ሜትር ነው። መንገዱ አስፋልት ነው፤ ሽቅብ ይበዛዋል። ደብተር የያዙ ልጆች በጠርዙ ይሮጣሉ። አንዳንዶቹ በእውነት ስለረፈደባቸው ነው። ኃይሌ ገብረሥላሴ ከአሰላ አጠገብ ካለው መንደሩ ትምህርት ቤት ለመድረስ 10 ኪሎ ሜትር ይሮጥ እንደነበር፣ ግራ ክንዱን አጥፎ መሮጡም ደብተር ከመያዝ የቀረ ልማድ መሆኑን እሱው ራሱ የተናገረው ነው።

ቲቸር በቆጂ አልሠሩም። እዚህ ያስቆመን የሌላ መምህር ታሪክ ነው። ስንታየሁ እሸቱ በቆጂ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ነበር። ከክፍለ ጊዜው ውጪ ልጆችን ማሠልጠን ጀመረ። በእጁ ያለፉትን ልጆች ዓለም ያውቃቸዋል፤ በ1984 ባርሴሎና ላይ በ10,000 ሜትር ያሸነፈችው ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለ፣ ጥሩነሽ ዲባባ። ቤጂንግ ላይ በ2000 ቀነኒሳና ጥሩነሽ እያንዳንዳቸው የ5,000ና የ10,000 ሜትር ወርቅ ወስደዋል። አራቱም ወርቅ የአንዲት ትንሽ ከተማ ልጆች ነው።

በማግስቱ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ልጆቹ ባሕር ዛፉ ውስጥ ሲሮጡ ለማየት ተነሳን። ከተማዋ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ እኔ ዳገቱን በእግሬ ስወጣ እንኳ ትንፋሽ አጠረኝ። አሥራ ሁለት ዓመት የማይሞላቸው ልጆች በጎናችን ሽው ብለው አለፉ። ቲቸር ቆመው አዩና እንዲህ አሉ፦ "እኛ ዘንድ ስፖርት ማለት ሒሳብ ሲያልቅ የሚደረግ ነገር ነበር። ዳይሬክተሩም ክፍለ ጊዜውን ለፈተና ክለሳ ይወስድብን ነበር። ይሄ ሰው ግን የራሱን ክፍለ ጊዜ አስከበረ።" በእኔ እምነት ስለ አንደኛ ደረጃ መምህር ከተነገሩት ሁሉ ይህ ትልቁ ምስጋና ነው።

ቁርስ ጨጨብሳ በማርና ትኩስ ወተት ነበር፤ ለሁለታችን 260 ብር። ወተቱን አዳማ ልወስደው ብችል እወስደው ነበር።

የካቲት 4፦ ጎማው

በአሳሳ አድርገን ዶዶላ፣ ከዶዶላ አዳባ ያለው መንገድ ሜዳ ነው። አዳባን ካለፍን በኋላ የኋላ ጎማ ፈነዳ። ትርፍ ጎማ አለ፤ ክሪኩ ግን አልሠራም። ሹፌሩ ለሚያልፈው መኪና ሁሉ እጁን ያውለበልባል፣ አይቆሙም። ንፋሱ ፊት ይቆርጣል። ሴቶቹ ልጆቻቸውን ይዘው መኪናው ውስጥ ቀሩ፤ እኛ ወንዶቹ ድንጋይ ለመደገፊያ ለቀማ ገባን።

በዚህ መሐል አንድ ፈረሰኛ ልጅ ከሜዳው መጣ። አሥር ዓመት ይሆነዋል። ቲቸር በኦሮምኛ አወሩት። ስንተኛ ክፍል እንደሆነ፣ ዛሬ ለምን ትምህርት ቤት እንዳልሄደ ጠየቁት። የከሰዓት ፈረቃ መሆኑን ነገራቸው። "እንግዲያው አሁን ደብተርህን እያየህ መሆን ነበረበት" አሉት። ልጁ ሳቀና ጋለበ። ከአንድ ሰዓት ገደማ በኋላ ታላቅ ወንድሙን ይዞ፣ ወንድሙም የአይሱዙ ክሪክ በአህያ አስጭኖ መጣ። ሹፌሩ 500 ብር ሰጠ። ወንድምየው ሁለት መቶውን መለሰ።

ዲንሾ የገባነው ጨልሞ ነው። ከተማዋ ከ3,000 ሜትር በላይ ናት። አልጋ 700 ብር፤ የቧንቧው ውኃ ጠፍቷል። አንድ ባልዲ ሙቅ ውኃ 40 ብር አስከፈሉን። ሦስት ብርድ ልብስ ደርቤም እግሬ እስኪነጋ አልሞቀም። ቲቸር ግን በብርዱ ሲተኙ የሃያ ዓመት ወጣት መሰሉ። "ያኔ ብርድ ልብስ አንድ ነበር" አሉ።

የካቲት 5፦ የመጀመሪያዋ ትምህርት ቤት

እዚህ ላይ መንገዱና ዕድሜያቸው ትንሽ ይገላበጣሉ። ቲቸር 12ኛ ክፍልን ጨርሰው ሮቤ የመምህራን ማሠልጠኛ ተቋም ገቡ። በዚያ ዘመን ለአንደኛ ደረጃ መምህርነት ከ12 በኋላ የአንድ ዓመት ሥልጠና ነበር። ሁሉም ሰው "ቲቲአይ" ይለዋል። ሲመረቁ ምደባው በዕጣ ሆነ። የወጣላቸው ከዲንሾ ወጣ ብላ ያለች ቀበሌ ናት። ደመወዛቸው 230 ብር።

ያኔ በፈረስ ግማሽ ቀን የፈጀው መንገድ አሁን በሞተር ሳይክል ይኬዳል። ለአንድ ሰው ደርሶ መልስ 400 ብር ተስማማን። ቲቸር ሞተር ላይ ወጥተው አያውቁም። ጋቢያቸውን ከወገባቸው አሠሩና "ቀስ በል" አሉት ልጁን፤ ልጁም በእርግጥ ቀስ አለ።

ትምህርት ቤቷ ድሮ ሁለት የጭቃ ክፍል ነበረች። አንዱ ክፍል ውስጥ አንደኛና ሁለተኛ ጀርባና ጀርባ ተሰጣጥተው ይቀመጡ ነበር። አንዱን ሲያስተምሩ ሌላውን ሥራ ያስይዛሉ። አሁን ብሎኬት ናት፤ የቆርቆሮ ጣሪያ አላት፣ የውኃ ታንከርም አላት። ቲቸር ግን መጀመሪያ የሄዱት ከግቢው ጀርባ ወዳሉት ትልልቅ የኮሶ ዛፎች ነው። "እዚህ ሥር ነበር የማስተምረው፣ ፀሐይ ስትወጣ። ክፍሉ ይጨልም ነበር።"

ልጆቹ እረኞች ነበሩ። ስለ ፊደል ምንም አያውቁም፤ ስለ እንስሳ ግን የማያውቁት የለም። የደጋ አጋዘንን ዱካ ከበሬ ዱካ ይለያሉ። የትኛው ቅጠል ለከብት ሆድ ድርቀት እንደሚሰጥ ይናገራሉ። ወጣቷ መምህርት ደብተር ገዙና ልጆቹ የነገሯቸውን መጻፍ፣ ያሳዩዋቸውን መሳል ጀመሩ። ኮሶ፣ በኦሮምኛ ሄጦ። ጽድ፣ ሂንዴሳ። ከጎኑ የቅጠሉ ሥዕል፣ ከሥሩ ጥቅሙ። መጽሐፉ የሚያስተምረው በአማርኛ ነበር፤ የልጆቹ አፍ መፍቻ ግን ኦሮምኛ ነው። አሰላ ያደጉት ቲቸር ሁለቱንም ስለሚያውቁ በዚያ ደብተር ድልድይ ሠሩ። ልጁ የሚያውቀውን ዛፍ በራሱ ቋንቋ ይናገራል፣ ቀጥሎ በአማርኛ ይጽፈዋል።

ደብተሩ አሁንም አለ። ጠርዙ በፕላስተር ተለጥፎ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ ቦርሳቸው ውስጥ ነበር። እኛን አዳማ ላይ "የአካባቢ ሳይንስ" ሲያስተምሩን ከግቢ አስወጥተው እያንዳንዳችንን አንድ አንድ ዛፍ ያስያዙን ነገር መነሻው ይሄ ነው። እኔ የደረሰኝ ከበሩ አጠገብ ያለው የኒም ዛፍ ነበር። እስከ ሰኔ ድረስ በየሳምንቱ ስለ እሱ ሁለት ዓረፍተ ነገር መጻፍ ነበረብኝ።

ያሁኑ መምህራን ሻይ አፈሉልን። አንዷ ወጣት መምህርት ቀጥታ ጠየቀች፦ "ቲቸር፣ እንዴት አልሰለችዎትም? እኔ በወር ደመወዜ የቤት ኪራይና አስቤዛ ከሸፈንኩ ምንም አይተርፈኝም።" ቲቸር በምክር አልሸፋፈኑላትም። "ሰልችቶኛል። ሁለት ጊዜ ልለቅ ነበር። ደመወዙ ያኔም አይበቃም። የመለሰኝ ይሄ ደብተር ነው፤ ከሥራዬ የራሴ የሆነ ነገር ነበረኝ። አንቺም የራስሽ የሆነ ነገር ያዢ፤ ደመወዙንም ግን በማኅበራችሁ በኩል ጠይቁ። አንዱ ሌላውን አይተካውም።" የኢትዮጵያ መምህራን ማኅበር በ1941 ነው የተመሠረተው። ቲቸር እስከ ጡረታቸው ድረስ አባል ነበሩ።

የካቲት 6፦ ሮቤና ጎባ

ከዲንሾ ሮቤ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ግቢ ዲንሾ ላይ ስለሆነ ጠዋት ስንወጣ የደጋ አጋዘኖቹ ጽዱ ሥር ቆመው ነበር። ከመንገዱ ሆነው ይታያሉ።

ሮቤ የቀድሞው ማሠልጠኛ አሁን ኮሌጅ ነው። ቲቸር እዚያው ግቢ በተለያየ ዕድሜያቸው ተምረዋል። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሲመጣ ብዙ ነገር ተለወጠ። አንደኛ ደረጃ እስከ 8ኛ ክፍል ሆነ። ትምህርቱ በአፍ መፍቻ ቋንቋ ተደረገ፤ ኦሮምኛ ከዚያ ትንሽ ቀደም ብሎ በቁቤ፣ ማለትም በላቲን ፊደል፣ መጻፍ ጀምሮ ነበር። ከ1ኛ እስከ 4ኛ አንድ መምህር ሁሉንም ትምህርት ይዞ ክፍሉን እንዲመራ ተባለ። ከ5ኛ እስከ 8ኛ ለማስተማር ደግሞ ዲፕሎማ ተጠየቀ። ቲቸር በክረምት እየተመላለሱ ዲፕሎማቸውን ያዙ። ቁቤንም በሠላሳዎቹ ዕድሜያቸው እንደ ልጅ ከዜሮ ጀመሩ። "ለኦሮምኛ ተናጋሪ ልጅ ኦሮምኛ ማንበብ ሲቻል አየሁ። የመጀመሪያው ቀን ላይ አለቀስኩ። ዲንሾ ያሉት ልጆቼ ይሄን አላገኙትም" አሉኝ።

ግቢው ውስጥ ለመግባት ጥበቃው መታወቂያ ጠየቀ። የጡረታ መታወቂያቸውን አይቶ ከወንበሩ ተነሳና ሸኛቸው። ማደሪያ ክፍላቸው የነበረው ሕንፃ አሁን መጋዘን ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራቸው በአብዛኛው አዳማ ነው፤ እኛ የምናውቀው ነው። ዝውውር አግኝተው መጡ፣ አገቡ፣ ወለዱ። በደረጃ እድገቱ ከመለስተኛ መምህር ጀምረው መሪ መምህር ሆነው ወጡ። ዳይሬክተር ሁኑ ተብለው እምቢ ብለዋል። "ቢሮ ውስጥ ልጅ የለም" ነው ምክንያታቸው።

ምሳ ጎባ በላን። ክትፎ አማረንና ቆጮ የለም ተባለ፤ በገብስ እንጀራ በላነው፤ 380 ብር። ከአዳማ ዋጋ ይቀንሳል፣ ቅቤው ደግሞ ይበልጣል።

የካቲት 7፦ ሰነቴ፣ ደሎ መና

ከጎባ ደሎ መና የሚወስደው ጠጠር መንገድ የሰነቴን አምባ አቋርጦ ያልፋል። በአፍሪካ ከፍተኛ ከሚባሉት የመኪና መንገዶች አንዱ ነው። አስታ የሚባለው የደጋ ቁጥቋጦ ካለቀ በኋላ ዛፍ የለም። ጅብራው ብቻ ለብቻው ቆሟል፤ በድንጋዩ መሐል ፍልፈሎች ብቅ ጥልቅ ይላሉ። የአምባው ከፍተኛ ጫፍ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ነው። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ2016 መስከረም ነው በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው።

ቲቸር የተቀመጡት መስኮት ዳር ነው። ባሌ በሠሩባቸው ዓመታት ሁሉ ሰነቴን አይተውት አያውቁም። ደመወዙም ጊዜውም አልፈቀደላቸውም። በደብተራቸው ውስጥ ያለው የቀይ ቀበሮ ሥዕል ልጆቹ በነገሯቸው መሠረት የተሳለ ነው። በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም፤ ግማሽ ያህሉ እዚሁ ባሌ ነው ያሉት። ሹፌሩ ድንገት ፍጥነቱን ቀነሰ። አንዱ ከመንገዱ ሃምሳ እርምጃ ያህል ርቆ አፍንጫውን መሬት ላይ አድርጎ ይሄዳል። መኪናው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ስልኩን አወጣ። ቲቸር ግን ደብተራቸውን አወጡ። "ጅራቱ! ጫፉ ጥቁር ነው። ልጆቹ ነግረውኛል፣ እኔ ነጭ ነው የተውኩት" ብለው መኪናው እየተንገጫገጨ በእስክሪብቶ አጠቆሩት።

ከአምባው ቁልቁል ሐረና ደን ሲጀምር ብርዱ በአንድ ጊዜ ይቀራል። ሪራ ላይ ለቡና ወረድን። ቡናው ከደኑ የተለቀመ ነው፤ ሲኒው 20 ብር። አንድ ኪሎ ማር 600 ብር ገዛሁ።

ደሎ መና ሞቃት ናት፤ ሙዝና ማንጎ መንገድ ዳር ይሸጣል፤ ለእኔ አዳማ የደረስኩ መሰለኝ። እዚህ የሚጠብቀን ሰው ነበር። ከዲንሾዋ ትምህርት ቤት ከቲቸር የመጀመሪያ ተማሪዎች አንዱ ነው። እረኛ ነበር፤ አሁን ራሱ የአንደኛ ደረጃ መምህር ሆኖ ጡረታው ቀርቧል። ማታ ቤቱ በግ አርዶ ጠበቀን። ሚስቱ ማርቃ፣ ገንፎ ማለት ነው፣ ሠርታ ቅቤውን መሐል ላይ አፈሰሰችው። ደብተሩን ሲያይ ገጹን ማገላበጥ አልቻለም፤ የራሱን ስም አገኘ። ቲቸር ከየሥዕሉ ሥር መረጃውን የሰጠውን ልጅ ስም ጽፈው ነበር። እርሱ የሰጠው ስለ አስታ ነው። "ይሄ ስህተት ነው ቲቸር፣ የሚበጀው ለከሰል እንጂ ለአጥር አይደለም" ብሎ ሊያርም ተነሳ። እስከ ምሽቱ አምስት ሰዓት ድረስ ሁለቱ በየገጹ ተከራከሩ።

ስምምነታቸው እንዲህ ነው። ደብተሩ ደሎ መና ይቀራል። እርሱ ስሞቹን በቁቤ ይገለብጣል፤ የሐረናን ዛፎች ደግሞ የእሱ ተማሪዎች ይጨምሩበታል። ቲቸር በክረምት ተመልሰው ሥዕሎቹን ይስላሉ። ኮፒው ሲያልቅ አንዱ ለዲንሾዋ ወጣት መምህርት ይላክላታል። የከሰል እርሳስና ወፍራም ወረቀት ከአዳማ ገዝቼ የማመጣው እኔ ነኝ።